ቀጥ ያለው ባሕር ዛፍ

አዛውንቱ ችግኝ ሻጭ ባሕር ዛፉን ከሥሩ እስከ ጫፉ አዩትና መጥረቢያቸውን አነሡ። በማሳቸው ካሉት ሦስት መቶ ዛፎች ለምሰሶ የሚሆን እሱ ብቻ ቀርቷል፤ የልጃቸው ቤት ደግሞ ምሰሶ አጥቶ ሥራው ቆሟል። ስለ ደን የተማረችው የእህታቸው ልጅ በዚያ ባታልፍ ኖሮ ነገሩ በዚሁ ባለቀ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ አጎቴ። እባክዎን ይህን አይንኩት» አለች።

«ደግሞ የራሴን ዛፍ ለመቁረጥ አንቺን ላስፈቅድ?»

«ኧረ እንዴት ብዬ! ግን ዘር የሚለቅሙት ከየትኛው ነው?»

«ከእነዚያ ነዋ» አሉ፣ አጫጭሮቹንና ጎባጣዎቹን እያሳዩ። «እጄን ብዘረጋ እደርስባቸዋለሁ። ቀጥ ያሉትንማ ገና ሳያብቡ ገዢ ተሻምቶ ይወስዳቸዋል።»

«ታዲያ ችግኝዎ ለምን እየጎበጠ መጣ?»

«መሬቱ ደክሞ ነዋ!»

ይህን መልስ ሃያ ዓመት ሙሉ ለጠየቃቸው ሁሉ ሰጥተዋል፤ የተከራከራቸው ስላልነበረ እሳቸውም አምነውበታል። ልጂቱ ግን የዋዛ አልነበረችም።

«ይህና ያ ጎባጣ በአንድ ቀን፣ በአንድ መስመር ነው የተተከሉት። መሬቱ ያው፣ ዝናቡ ያው። ለምን ተለያዩ?»

«እንግዲህ... አንዳንዱ ሲፈጠር እንዲያ ነው።»

«አዎን፤ ያንኑ አፈጣጠሩን ነው ለልጁ የሚያወርሰው። እርስዎ ጎበዝ ጣይዋን ዶሮ አርደው የሰነፏን እንቁላል ያስታቅፋሉ?»

«አበድኩ እንዴ!»

«በዛፉ ላይ ግን ያደረጉት ይህንኑ ነው።»

አዛውንቱ መጀመሪያ ተናደዱ። ቀጥሎ ከእሳቸው ችግኝ የወሰደ ጎረቤት ሁሉ በዓይነ ሕሊናቸው መጣ፤ በራሳቸውም አፈሩ።

«ብቆርጠው መልሶ ያቆጠቁጥ የለ?» አሉ ለስለስ ብለው።

«ያቆጠቁጣል፤ እስኪያብብ ድረስ ግን ዘር የሚሰጡት ጎባጣዎቹ ብቻ ይሆናሉ። ደግሞ እነሱ በአጠገቡ ካበቡ ንቦች የአበባቸውን ዱቄት ያመጡለታል፤ ስለዚህ እነሱን ቀድመው ከነጉቷቸው ይንቀሉ። አንድ እናት ዛፍም አይበቃም፤ ዘመዳሞች ሲዳቀሉ ደካማ ይወጣል። ከእርስዎ ችግኝ ካልወሰዱ ሰዎች ማሳ ሌሎች ቀጥ ያሉ እንፈልግ።»

«ከእኔ ያልወሰደ ማን አለና!»

«ከወንዙ ማዶ አይጠፋም። የየእናቱን ችግኝ ለየብቻ ተክለን የሚበልጠውን እናስቀራለን። ሁሉም ቀጥ አይልም፤ ቀጥ የሚለው ግን በየትውልዱ ይበዛል።»

«ምሰሶ የሚሆነው መቼ ነው?»

«አሥር ዓመት ገደማ።»

«ያኔ እኔ የለሁማ!»

«ልጅዎ ትኖራለች፤ ልጆቿም።»

አዛውንቱ ወደ ጎባጣዎቹ ሄደው ዘር ሲለቅሙባቸው ከኖሩት አንዱን ገነደሱ። የልጃቸው ቤት ምሰሶ ከሁለት አጫጭር ግንዶች ተቀጥሎ ቆመ፤ ልጃቸውም ለሁለት ቀን አኮረፈቻቸው።

ዘሩን የመረጠ ሰው በዚያው መሬት፣ በዚያው ውኃ የተሻለ እንጨት ያገኛል፤ ለአንድ ምሰሶም ሁለት ጎባጣ ከመቁረጥ አንድ ቀጥ ያለ ይበቃዋል። አዛውንቱ ይህን ለሌላው ለማስተማር ግን በሌላ ነገር መጀመር ነበረባቸው። ጎባጣውን በገነደሱ በማግስቱ የቅርብ ጎረቤታቸውን በር አንኳኩ።

«መሬትህን አትውቀስ» አሉት። «ጥፋቱ የእኔ ዘር ነው።»