የካሊሮይ ጀልባና አዲሱ ማሞቂያ

የበጋው ነፋስ ጋብ ብሎ፣ እንግዳው ሁሉ ወደየአገሩ ሲበተን፣ ዓሣ ልገዛ ወደ ደሴታችን ወደብ ወደ ፓርቴኒ ስወርድ የጭቅጭቅ ድምፅ ሰማሁ። ካፒቴን ስታማቲስ ወደ ባለሸራ ጀልባቸው በምታሻግረው ሳንቃ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ከታች የልጃቸው ልጅ ሜልፖ አዲስ የውሃ ማሞቂያ በጋሪ ጭና ትጠብቃለች። ይቺን ልጅ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ፒሬየስ ከተማ ሄዳ የመርከብ ሞተር ተምራ ተመልሳለች።

«እንኳን እግር ጣለዎት መምህር!» አሉ ሽማግሌው። «እስቲ ይፍረዱኝ! ይቺ ልጅ የሚስቴን ማሞቂያ ነቅላ ልትጥል ነው።»

«እኔንም ይስሙኝ መምህር» አለች ሜልፖ። «አክስት ሮዲን እኮ አቃጠላት!»

ሮዲ የካፒቴኑ እህት ናት። ስኳር በሽታ ጣቶቿን አደንዝዞባታል። በቅርቡ ከፓትሞስ ደሴት ሲመለሱ ነፋስ ስላልነበረ መንገዱን ሁሉ በሞተር መጡ፤ ሮዲ ስኒ ልታለቀልቅ ቧንቧውን ከፈተች፤ መቃጠሏን ያወቀችው ቆዳዋ ሲያብጥ አይታ ነው። «ከእንግዲህ ይቺን ጀልባ አልረግጣትም!» ብላ ማለች። እህትና ወንድም ግን በየመጸው ወደ ሊፕሲ ደሴት አብረው እየተጓዙ የካሊሮይን መቃብር ያያሉ። ካሊሮይ የካፒቴኑ ሚስት፣ የሮዲም የልጅነት ጓደኛ ነበረች። ዘንድሮ ሽማግሌው ብቻቸውን ሊሄዱ ሆነ።

«ካሊሮይና እኔ በገዛ እጃችን የገጠምነው ነው» አሉ ድምፃቸው ለስልሶ። «የናትሽን ፀጉር ያጠበችው በዚህ ውሃ ነው። ከባሕር ስወጣ ጨዉን ከጀርባዬ ታጥብልኝ ነበር። ‹ቆይ፣ ቆይ ስታማቲስ› ትለኝና ትንሽ ቆይታ ታፈስብኛለች። ያኔ ማን ተቃጠለ?»

ሽማግሌ ካሮጌ ዕቃ አልለይም ሲል ግትር ነው ብለን እንስቃለን። ዕቃውን ማን ይነካው እንደነበር ግን አንጠይቅም።

«አያቴ፣ አይቆጡኝ» አለች ሜልፖ። «ይሄ ማሞቂያ ውሃውን የሚያሞቀው በሞተሩ ሙቀት ነው። ሞተሩ ብዙ ከሠራ ውሃው ለመፍላት ምንም አይቀረው!»

«ታዲያ ቀዝቃዛውን ቀላቅሎ መታጠብ ነዋ! ሁለት ቧንቧ ማዞር የፒሬየስ ዲፕሎማ ይጠይቃል?»

«ጣቷ ለማይሰማት ሴት ይጠይቃል።»

ካፒቴኑ ጢማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «እሺ፣ ሙቀቱን ቀንሺውና ተዪኝ።»

«የሞተር ሙቀት እንዴት ብዬ ልቀንስ? ደግሞ ለብ ያለ ውሃ ታንከር ውስጥ ሲከርም ጀርም ያፈራል። ውስጡ በደንብ ይሙቅ፤ ሲወጣ ይቺ ቀዝቃዛውን በልክ ትቀላቅልበታለች።» ከኪሷ ጡጫ የምታህል የናስ ቫልቭ አወጣች።

«ታንከሩ ውስጥ ወንደላጤ፣ ቧንቧው ጋ ሲደርስ ባለትዳር ይሆናል በይኛ!»

ሦስታችንም ሳቅን። ሽማግሌው ግን ከሳንቃው ፈቀቅ አላሉም።

«ካፒቴን» አልኳቸው፣ «ካሊሮይ ‹ቆይ፣ ቆይ› እያለች ምን ታደርግ ነበር?»

«እጇን ከውሃው ሥር ትዘረጋለች። ልኩን እስክታገኝ ድረስ…» ብለው የራሳቸውን እጅ አንጓ ያዙ። «ሜልፖ፣ እዚህ ጋ ጠባሳ ነበራት። የምድጃ ነው ትለኝ ነበር።»

ሜልፖ አንገቷን ደፋች። «የምድጃ አልነበረም አያቴ። ልጅ ሆኜ ስታጥበኝ ጠይቄያታለሁ። ‹አያትሽ ይቺን ማሞቂያ ይወዳታል፤ እንዳትነግሪው› አለችኝ።»

ሽማግሌው ሳንቃው ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ «መፍቻውን አቀብዪኝ» አሉ።

የመጀመሪያውን ብሎን ራሳቸው ፈቱ። ሜልፖ ውሃውን አፈሰሰች፣ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በባልዲ ተቀበለች፣ የጎማ ቱቦዎቹን ነቀለች። አሮጌው ታንከር ሲወጣ ሥሩ በዝገት ተበልቶ በጣት የሚበሳ ሆኖ ተገኘ። ካፒቴኑ ግን ጀርባውን እንደ ፈረስ ቸብ ቸብ አድርገው ነው የሸኙት። አዲሱ ታንከር ገባ፣ ቫልቯ ተገጠመች፣ በሞተሩ ቧንቧዎች ውስጥ የቀረው አየር እንዲወጣ ተደረገ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስተን ጠበቅን። ቧንቧው ሲከፈት ሜልፖ ቴርሞሜትሯን ልታስገባ ስትል አያቷ ቀድመዋት ክንዳቸውን ዘረጉ። አላነሡትም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሮዲን ማሳመን ከዚህ ሁሉ ከበደ። «ያቺ እሳት!» እያለች ስትራገም፣ ወንድሟ ራሳቸው እፊቷ ቆመው ታጥበው አሳዩዋት፤ ይሄኔ ጥቁር ሻሿን አስራ ተነሣች። እኔንም ጋበዙኝና ወደ ሊፕሲ ሄድን።

ከመቃብሩ ስንመለስ ሮዲ ጀርባዋን ሰጥታን፣ የልጅነት ጨዋታቸውን እያወራች ሳህን ታጥባለች። ቧንቧውን ዞር ብላ እንኳ አታይም። አጠገባችን ጀልባውን ያሰረ ጎልማሳ የተለወጠውን ነገር ሲጠይቅ፣ ካፒቴኑ መምህር ሆነው ቁጭ አሉ።

«ስማኝ ልጄ፣ ሞተርህ የቱንም ያህል ቢግል ከቧንቧህ የሚወጣው ለገላ የሚስማማ ነው። ሙቁን ከቀዝቃዛው ላመጣጥን እያልክ የምትደፋው ውሃ ይተርፍሃል። ታንከሩ ሙቀት እንዳያመልጥ በወፍራሙ የተለበጠ ስለሆነ ማታ የሞቀው ለጠዋት ፊትህ ይደርሳል። ሕፃንም አሮጊትም ሳይፈራ ይታጠባል። ቫልቯን አሮጌ ታንከር ላይ ከመግጠምህ በፊት ሥሩ አለመዛጉን እይ፣ የሚያውቅ ሰውም ጥራ።»

«ይሄን ያህል ወደዷት?» አለ ጎልማሳው ቫልቯን እያየ።

«ለካሊሮይ በየዓመቱ የስሟ ቅድስት በምትታሰብበት ቀን አበባ እሰጣት ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ምናለ አንዱን ዓመት እንኳ ይቺን ብሰጣት ኖሮ!»