የማይሳሳተው የፌስቡክ ገጽ

እስቲ ይሄን ስሙኝ። ታናሽ ወንድሜ ቦንጋ ላይ በእግር ኳስ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሰለፍ ነው ተባልኩና፣ ከምኖርበት ከደካ ሄጄ ላየው ጓጉቼ የጨዋታውን ቀን ፍለጋ የቦንጋ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ፌስቡክ ገጽ ላይ ተጥጄ ሰነበትኩ። የኃላፊው ፎቶ በየቀኑ ይለጠፋል፤ መርሐ ግብር ግን የለም። በመጨረሻ ሰኞ ወጣ። ጨዋታው ያለቀው እሁድ!

ነድጄ ቦንጋ ሄድኩና ገጹን የሚያንቀሳቅሱትን ሠራተኛ፣ «ጋሼ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ መርሐ ግብር ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

«አየህ፣ ቀድመን ለጥፈን ጨዋታው ቢቀየር ውሸታም እንባላለን» አሉኝ ረጋ ብለው። «እኛ እስካሁን አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም።»

ይሄስ እውነት ነው። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ፣ «የፊታችን እሁድስ ወንድሜ ይጫወታል?» ብላቸው፣ «ሰኞ ገጹ ላይ ታየዋለህ» አሉኝ።