የይመር ባትሪ

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ድልድይ አጠገብ፤ ከሰዓት በኋላ የእጅ ማሽን ጠጋኙ ሙሄ ሱቅ ውስጥ፣ ባሏ ይመር ከጠፋ ሁለት ክረምት ያለፋት ዘሀራ የድሪል ባትሪ ይዛ ከባንኮኒው ፊት ቆማለች።

ሙሄ፦ አይገባም አልኩሽ እኮ! በግድ ስትገፊው ምላሱን ትሰብሪዋለሽ።

ዘሀራ፦ ቮልቱ አንድ አይደለም እንዴ? ይኼም አሥራ ስምንት ይላል፣ ያም አሥራ ስምንት ይላል።

ሙሄ፦ የቮልት አንድ መሆን ምን ይሠራል? ያንቺም የኔም ደም ቀይ ነው፤ ዘመድ ግን አይደለንም።

ዘሀራ፦ እሺ፣ ቢጫውን ድሪል ስጠኝ።

ሙሄ፦ ቢጫውም ያው ነው። ፋብሪካዎቹ ሆን ብለው ነው እንዲህ የሚያደርጉት። የአንዱን ሐዲድ ሰፊ፣ የአንዱን ጠባብ፣ የሌላውን ጥርሱን ወደ ውስጥ። የአንዱን ማሽን ከገዛሽ ዕድሜ ልክሽን የሱን ባትሪ ነው የምትገዢው። ፍቺ የሌለው ጋብቻ በይው።

ዘሀራ፦ ፍቺ የሌለውን ጋብቻ ለኔ ነው የምትነግረኝ? ቢጫውን ስጠኝ።

ሙሄ፦ እንኪ። ሞክሪው... አየሽ?

ዘሀራ፦ አረንጓዴውን።

ሙሄ፦ ኧረ በአላህ! ምን ልትሠሪበት ነው? የላላ ብሎን ካለ ልምጣና ላጥብቅልሽ። የኔ ቤት በር ራሱ ተገንጥሎ በገመድ ነው የታሰረው፤ ላንቺ ስል ግን እመጣለሁ።

ዘሀራ፦ አረንጓዴውን አልኩህ ጋሼ።

ሙሄ፦ እሺ፣ ይኸው አረንጓዴው። እሱም እንቢ አለሽ። ከጨነቀሽ ከባትሪው ሽቦ አውጥቼ ልቀጥልልሽ እችላለሁ። ግን ሁሉም በሽቦ አይታለልም። ይቺን መሐል ላይ ያለችውን ትንሽ ምላስ አየሻት? ማሽኑ በሷ ነው ባትሪውን የሚጠይቀው። «ማነህ? ሙቀትህስ እንዴት ነው?» ይለዋል። የሚያውቀውን መልስ ካላገኘ ቀኑን ሙሉ ብትጫኚው አይነሳም።

ዘሀራ፦ እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው፤ የሚያውቀውን። የተቀጠለ አልፈልግም። ራሱ ሰተት ብሎ የሚገባበትን።

ሙሄ፦ እንዲህ ያለ እዚህ አገር የለም።

ዘሀራ፦ አንድ ነበረ። የይመር አክስት ከጅዳ ያመጣችለት። ደሴን አዳርሻለሁ፣ ከሚሴን አዳርሻለሁ፣ ሐርቡ ድረስ ወርጃለሁ። ማሽን በሚጠገንበት ቤት ሁሉ ይቺን ባትሪ ይዤ ገብቻለሁ። የቀረኝ ያንተ ሱቅ ነው።

ሙሄ፦ ሰው ሳይርቅ በቅርቡ ነው የሚፈልገው። ለምን ከኔ አልጀመርሽም?

ዘሀራ፦ ፈርቼ። የይመር ወዳጅ ነበርክ። ካንተ ቤት እንዳይወጣ ብዬ ነው መጨረሻ ላይ የመጣሁት። እዚያ ጥግ ጆንያ የለበሰው ምንድን ነው?

ሙሄ፦ ብልሽት ነው። ለመለዋወጫ ያስቀመጥኩት።

ዘሀራ፦ ግለጠው።

ሙሄ፦ የዐስር አዛን ሊባል ነው ዘሀራ። ልስገድና ነገ ትመጫለሽ።

ዘሀራ፦ ነገ የለም። በበሩ አሻግረህ እይ። ከማዶ ማን ነው የቆመው?

ሙሄ፦ ሁሴን ነው፣ የይመር ታናሽ።

ዘሀራ፦ ጋቢ ደርቧል። በዚህ የኮምቦልቻ ሙቀት ጋቢ የሚደርብ ሰው ከሥሩ ምን ይዟል ትላለህ?

ሙሄ፦ ያ ረቢ!

ዘሀራ፦ «አንድ ማስረጃ ብቻ አምጪልኝ» ብሎኛል። «የወንድሜ ማሽን ሰው እጅ ከተገኘ አበጋዝ ዋሽቷል ማለት ነው፤ ከዋሸ ደግሞ ገድሎታል» ብሎኛል።

ሙሄ፦ ፎርማኑን አበጋዝን ነው የምትዪው?

ዘሀራ፦ ሌላ አበጋዝ አለ? ይመር በመጨረሻ የታየው አበጋዝ ሥር ሲሠራበት የነበረውን ሆቴል ምሰሶ አርማታ የሞሉ ቀን ነው። ጠዋት አበጋዝ ኮሌታውን አንቆ ሲያንገላታው ሠራተኛው ሁሉ አይቷል። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። አበጋዝን ስንጠይቀው «ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ» ይላል። ወዴት? «አላውቅም»። እኔ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ።

ሙሄ፦ የት?

ዘሀራ፦ ታውቀዋለህ። የሆቴሉ በረንዳ ላይ፣ በግራ በኩል ያለው ምሰሶ ውስጥ። ጁምዓ ጁምዓ እሄዳለሁ። እጄን አኖርበታለሁ። ይሞቃል ጋሼ ሙሄ።

ሙሄ፦ ፀሐይ ነዋ።

ዘሀራ፦ ጥላ ውስጥ ነው ያለው። ፀሐይ አይቶት አያውቅም። ጆሮዬን ሳስጠጋ ደግሞ ድሪሉ ይሰማኛል። ትርር ይልና ይደክመዋል፣ ትርር ይልና ያቆማል። ጉልበት አጥቶ። ባትሪው እኔ ጋ ነዋ!

ሙሄ፦ አብሽሪ ዘሀራ፣ አይዞሽ።

ዘሀራ፦ አብሽሪ አትበለኝ። ልጄ ረውዳ «አባትሽ የት ነው?» ሲሏት ያንን ምሰሶ ነው የምታሳየው። ስናልፍ «አሰላሙ አለይኩም አባ» ትለዋለች። ዘበኛው መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ አሁን አቀርቅሮ ያሳልፈናል። በል ጆንያውን ግለጠው፤ አለዚያ ሁሴን ገብቶ ይገልጠዋል።

ሙሄ፦ ቆይ፣ ቆይ። እኔው እገልጠዋለሁ... ይኸው።

ዘሀራ፦ ወደዚህ አምጣው። ቢስሚላህ... «ቀጭ» አለ። ሰማህ?

ሙሄ፦ ሰማሁ።

ዘሀራ፦ ሰተት ብሎ ገባ። ዞረም። እጀታው ላይ ይኼ የቀለጠው ረውዳ ከከሰሉ ዳር ጥላው ነው። የይመር ነው።

ሙሄ፦ የይመር ነው።

ዘሀራ፦ ማን አመጣልህ? አበጋዝ ነው? «አዎ» በለኝና ይብቃን።

ሙሄ፦ ...

ዘሀራ፦ ዝም ካልክ ዝምታህን አዎ ብዬ እወስደዋለሁ። ሁሴ...

ሙሄ፦ አትጥሪው! አበጋዝ አይደለም። ልጆቼን ይንሳኝ፣ አበጋዝ አይደለም።

ዘሀራ፦ ማን ነው ታዲያ?

ሙሄ፦ አማና አለብኝ። እንዳልናገር ቃል አስገብቶኛል።

ዘሀራ፦ ሰው የሚያስገድል አማና የት ኪታብ ላይ ነው ያለው?

ሙሄ፦ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የኔን ደግሞ ባትሪ አወጣው። ይመር ነው።

ዘሀራ፦ የይመር መሆኑንማ አየሁት። ያመጣልህን ነው የጠየቅኩህ።

ሙሄ፦ እኔም ያመጣልኝን ነው የነገርኩሽ። ይመር፣ በሁለት እግሩ መጥቶ፣ አሁን አንቺ የቆምሽበት ላይ ቆሞ።

ዘሀራ፦ ውሸታም! አበጋዝ ገዝቶሃል።

ሙሄ፦ አርማታው የተሞላ ቀን ነው፣ ከሰዓት ላይ። ጫማው ሲሚንቶ ነበር። ለሚያሻግረው ደላላ የጎደለችውን ልሙላ ብሎ ድሪሉን ሸጠልኝ። በባቲ አድርጎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ በኦቦክ ወደብ ባሕሩን ሊሻገር፣ ጅዳ ለመግባት።

ዘሀራ፦ ኮሌታውንስ? አበጋዝ ሲያንቀው የታየውስ?

ሙሄ፦ የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ ነበር። «ማን ነው?» ስለው ሳቀ። «አበጋዝ ነው፤ በባሕር አትሂድ ብሎ አንቆ ያዘኝ፤ በስንት መከራ አስለቀቅኩት» አለኝ።

ዘሀራ፦ አበጋዝ? አትሂድ ብሎ?

ሙሄ፦ አትሂድ ብሎ። እሱንም ቃል አስገብቶት እንደሆነ እንጃ። «ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ» ያለው ግን እውነቱን ነው። ሰሚ አጣ እንጂ።

ዘሀራ፦ አላምንህም። ይመር እኔን ሳይሰናበት አይሄድም። ቤት ጥሎ የሚሄድ ሰው አይደለም።

ሙሄ፦ «ባትሪውስ? ባትሪ የሌለው ማሽን ማን ይገዛኛል? የሌላ ዓይነት አይገጥምበት» አልኩት። «ባትሪውን አልሸጥም፤ የቤቱ ፋኖስ በሱ ነው የሚሠራው» አለኝ። «መብራት ሲጠፋ ዘሀራ ጨለማ ትፈራለች። ረውዳ እንዳትሰማት ሻሿን ትነክሳለች። እኔ የተኛሁ ይመስላታል» አለኝ።

ዘሀራ፦ ይኼን ለሰው ተናግሬ አላውቅም።

ሙሄ፦ አውቃለሁ።

ዘሀራ፦ ለእናቴም አልተናገርኩም። እንቅልፍ ወስዶት ነው የምለው... ነቅቶ ነበር ማለት ነው?

ሙሄ፦ ነቅቶ ነበር።

ዘሀራ፦ ጠዋት ድሪሉን ይዞ ሲወጣ ባትሪውን ረስቶት መስሎኝ ነበር። ይዤው በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ከመስጊዱ ጥግ ደረስኩበት። እጄን ይዞ ባትሪውን መልሶ መዳፌ ላይ አስቀመጠውና «ተይው፣ ዛሬ አልፈልገውም» አለኝ። እኔ እኮ «የዛሬው ሥራ ድሪል የለበትም» ያለ መስሎኝ ነው! እየሳቅሁ ነው የተመለስኩት።

ሙሄ፦ ነግሮኛል። ከጥጉ ቆሞ እስክትገቢ አይቶሻል።

ዘሀራ፦ ለምን አልነገረኝም?

ሙሄ፦ «ከነገርኳት አልሄድም፤ ካልሄድኩ ደግሞ ያቺ ቤት ቆርቆሮዋ ሳይለወጥ ረውዳ ታድጋለች» አለ። «ስደርስ ላንተ እደውላለሁ፣ ያኔ ትነግራታለህ፤ እስከዚያ አማና» ብሎ እጄን ጨበጠኝ።

ዘሀራ፦ ደወለ?

ሙሄ፦ ይኸው የስልኬን ቁጥር አልቀየርኩም። ሶላት ላይ ሆኜ እንኳ ሲጮህ ልቤ ጥሎኝ ይሄዳል...

ዘሀራ፦ ደወለ ወይ ነው የምልህ።

ሙሄ፦ አልደወለም።

ዘሀራ፦ አብረውት የሄዱትስ?

ሙሄ፦ አንድ የሐርቡ ልጅ ጅዳ ገብቷል። አፈላልጌ አናገርኩት። ባሕሩ ዳር ድረስ አብረው ነበሩ። ሁለት ጀልባ ነበር፤ እሱ ለኋለኛዋ ተረፈ፣ ይመር በመጀመሪያዋ ተሳፈረ።

ዘሀራ፦ መጀመሪያ የወጣችውስ?

ሙሄ፦ የኋለኛዋ ደረሰች።

ዘሀራ፦ የመጀመሪያዋን ነው የጠየቅኩህ ጋሼ ሙሄ።

ሙሄ፦ እሷ አልደረሰችም። ተቀመጪ። ውሃ ላምጣልሽ።

ዘሀራ፦ ውሃ አልፈልግም። እያወቅክ ነው እኔ ምሰሶ አቅፌ የኖርኩት?

ሙሄ፦ አንድ ጁምዓ ልነግርሽ መጥቼ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ረውዳ «አሰላሙ አለይኩም አባ» ስትል ተመልሼ ሄድኩ። የምትነካው ነገር አላት፣ ይቺን ምን ብዬ እቀማታለሁ አልኩ። እንዲህ ደም የሚያፋስስ መች መሰለኝ!

ዘሀራ፦ ይሞቅ ነበር እኮ።

ሙሄ፦ ከግድግዳው ጀርባ የሆቴሉ ዳቦ መጋገሪያ ነው።

ዘሀራ፦ ዳቦ... ድምፁስ? ድምፁም ከዳቦ ቤቱ ነው?

ሙሄ፦ ድምፁን እኔም እሰማዋለሁ።

ዘሀራ፦ የት?

ሙሄ፦ እዚሁ። ከዚያ ጆንያ ሥር። ባትሪ የለውም፣ ባዶ ነው፤ እኔው ራሴ ነኝ ያስቀመጥኩት። ግን ሱቁ ጭር ሲል ትርር ይላል፣ ይደክመዋል፣ ያቆማል። ለዚህ ነው የሸፈንኩት። ስንት ሰው «ለመለዋወጫ ስጠን» ብሎኛል፤ ብሎን ልፈታበት ስነሳ እጄ እንቢ ይለኛል።

ዘሀራ፦ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር የምሰማው።

ሙሄ፦ እኔም እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ዘሀራ፦ ምሰሶው ጋ ስሄድ እጄን የት እንደማኖር አውቅ ነበር። ባሕርን ከየት በኩል ነው የሚነኩት?

ሙሄ፦ አላውቅም የኔ እናት።

ዘሀራ፦ እውነቱን ልንገርህ? ጥሎን ሄደ ከሚሉኝ፣ አበጋዝ ገደለው ቢሉኝ ይቀለኛል። ሁሴንም ይቀለዋል። ደም የሚመልስበት ሰው አለው። ባሕር ላይ ጋቢ ደርቦ የሚወጣ የለም።

ሙሄ፦ አበጋዝስ? ጥፋቱ ወዳጁን አትሂድ ማለቱ ነው።

ዘሀራ፦ ሚስቱ ገበያ ላይ ስታየኝ መንገድ ትለቅልኛለች። ባለፈው ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ነበር። «ያንን ሆድ አላህ...» ብዬ ልረግማት አፌን ከፍቼ፣ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ ዘጋሁት።

ሙሄ፦ አላህ ነው የያዘሽ። ስሚኝ፣ ይመር ሄዷል መባሉ የሚከብድሽ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። ድሪሉን መልሼ ልሸፍነው። ለሁሴን «ሙሄ ቤትም የለም» በይው። ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ዘሀራ፦ አይቀርም። ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። አጥብቆ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አያጣም፤ እኔ ከምሰሶ ውስጥ ድምፅ አውጥቼ የለም?

ሙሄ፦ መንገዱን እያቋረጠ ነው። ዘሀራ፣ እጁ ጋቢው ውስጥ ነው።

ዘሀራ፦ አይቼዋለሁ።

ሙሄ፦ ምን ልበለው?

ዘሀራ፦ ይግባ። ለሱ አንተ ትነግረዋለህ፤ ለረውዳ እኔ እነግራታለሁ።