ሊፍቱን ልቀቁ!

የተከበራችሁ የሆስፒታላችን ሰዎች፣ እስኪ ጸጥ በሉልኝ። እናንተ ስታወሩ የጀመርኩት ይጠፋኛል። ዛሬ በስንብቷ ለእቺ ሴትዮ እንኳን ደስ ያለሽ ልበላት፣ ወይስ ትተሽን የት ልትሄጂ ነው ብዬ ልቆጣት፣ ግራ ገብቶኛል። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ የቆምኩት አንዲት ቃል ፍለጋ ነው። ከታመምኩ ወዲህ የተደበቀችኝ ቃል አለች፤ ሰው አንድ ነገር ሲሰጡት የሚላት... አትንገሩኝ! ማንም ሹክ እንዳይለኝ። ብትመጣ ዛሬ ትምጣ፤ ነገ የምትገባት ሰው እዚህ የለችም።

የት ደርሼ ነበር? አዎ፣ የመጣችበት ቀን። ያን ቀን እኔ፣ የሊፍት ሠራተኛው፣ እንደ ልማዴ በሩን በእግሬ ይዤ ከገንዘብ ያዥዋ ጋር ወግ ላይ ነኝ። አንዲት አዲስ ነርስ አልጋ እየገፋች ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ አለችና፣ «አባባ፣ ሊፍቱን ልቀቁ!» አለችኝ። አባባ! ያኔ እኮ ፀጉሬ ከጫማዬ ይልቅ ይጠቁር ነበር። «ምን ያስሮጥሻል ልጄ? ሰው ሞተ?» ብላት፣ «የሰውዬው አንጎል እየሞተ ነው፣ እርስዎ ወሬ ይዘዋል!» ብላ በአልጋው ጫፍ ቁርጭምጭሚቴን ገጨችኝ። ትውውቃችን ይኸው ነው። ሲስተር ጥድፊያ ያልኳትም ያን ዕለት ነው፤ እስከ ዛሬ አንድ ሰው በሌላ ስም ጠርቷት አልሰማሁም።

ውሃ መንጠቋንስ የማያውቅ አለ? ስትሮክ የያዘው ሰው መዋጥ መቻሉ ሳይፈተን ጠብታ ውሃ አይቀምስም፤ ትን ብሎት ሳንባው ውስጥ ይገባል። በዚህ ልክ ናት። ግን በስብሰባ ላይ ዳይሬክተራችን ሳል ይዟቸው ያነሱትን ብርጭቆ ከአፋቸው መንጠቅ ምን የሚሉት ነው? «ይቅርታ ዶክተር፣ እጄ ለምዶ ነው» አለቻቸው። ዳይሬክተሩ ይኸው እዚህ አሉ፤ ዛሬ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ሥር ደብቀዋል።

ያቺ ጥያቄዋስ! «መቼ ጀመረው?» አትልም። «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው?» ነው የምትለው። ሕመሙ በእንቅልፉ የመጣበት ሰው መቼ እንደጀመረው በምን ያውቃል? የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደግሞ ሰዓቱ ካለፈ ጉዳቱ ይብሳል። ይሁን። ፕሪንተሩ ሲበላሽም፣ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው?» የባሏ መኪና አልነሳም ሲልም ያው። ባሏ ይሄው እየሳቀ ነው። ሳቁ በሁለቱም በኩል እኩል ነው፤ እንደ ስትሮክ በሽተኛ አፉ ወደ አንድ ጎን አልተጣመመም፤ አይዞን፣ ደህና ነው።

እኔ ግን አንድ ጠዋት እኩል አልሳቅሁም።

እዚያው ሊፍቱ ውስጥ ነበርን። በላቦራቶሪው ሰው ክራቫት ልቀልድ አፌን ስከፍት የወጣው ነገር ቋንቋ አልነበረም። ሰውየው ሳቀ። ሁሉም ሳቀ! ተረበኛ መሆን ጣጣው ይኸው ነው። ቀኝ እጄ ከሊፍቱ ቁልፍ ላይ ወረደች፤ የማን እጅ እንደሆነች ግራ ገብቶኝ አየኋት። እኔ የፈለግሁት ቤቴ ሄጄ ጋደም ማለት ነበር። ጋደም ብል ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሞ የሚለፈልፍባችሁ ሰው አይኖርም ነበር።

እሷ ገባች። አልሳቀችም። «አባባ፣ እስኪ ሳቁልኝ።» የሳቅሁ መሰለኝ። «ሁለቱንም እጅ ወደ ላይ።» ያነሣሁ መሰለኝ። ለስትሮክ በሽተኛ ሊፍት የምናስለቅቅበትን ደወል ደወለችው። ለወትሮው ደወሉ ሲጮህ ሰውን ከሊፍት የማባርረው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን በሽተኛውም እኔው ሆንኩ፤ ማን ማንን ያባርር? ሊፍቱ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በሩን ካልረገጡት አይነቃነቅም። «የመንግሥት ንብረት አይረገጥም!» እያለች ስትጨቀጭቀኝ የኖረች ሴት እንዴት አድርጋ እንደረገጠችው! «ጎበዝ፣ ትንሽ ዝቅ አድርጊ» ልላት አምሮኝ ነበር፤ አፌ እምቢ አለ።

እየሮጠች ለባለቤቴ ስልክ ደወለች። «እማማ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«እሱ መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል?»

«እማማ፣ በፈጠረዎት፣ ቶሎ ይንገሩኝ!»

«ኧረ ልጄ፣ አሁን ከቤት ሲወጣ እየነዘነዘኝ ነበር።»

«ጥሩ፤ ደህና ነበሩ ማለት ነው።»

በሲቲ ስካኑ አንጎሌ ውስጥ ደም እንዳልፈሰሰ፣ ይልቁንም ረግቶ የደም ሥሬን እንደዘጋው ታየ። መድኃኒቱን እዚያው ሰጡኝ፤ አንድም በር ላይ አልቆምንም። ሐኪሙ፣ ራጅ ክፍሉ፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀን። እንዲህ መሥራትን ያስለመደችን ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ ቁርጭምጭሚታችሁን ጠይቁ።

እስከ ዛሬ የሚያምታታኝ ግን ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። እቺ ሊፍት መጠበቅ የማትችል ሴት ሥራዋን ስትጨርስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። ማንኪያ ታሳየኛለች፤ ጃንጥላ እላለሁ። ሰዓት ታሳየኛለች፤ አሁንም ጃንጥላ። ልጄ ጨንቋት፣ «ማንኪያ በል እንጂ አባዬ!» ስትለኝ፣ ሲስተር እጇን ይዛ፣ «ተያቸው፤ ራሳቸው ይፈልጉት» ትላታለች። ከዚያ ትጠብቃለች። ሰዓቷን አታይም። ቃሏ እስክትወጣ ዝም ብላ ትጠብቃለች።

ያን ሁሉ ጥድፊያና ይህን ሁሉ ትዕግሥት አንድ ሰው ከየት እንደሚያመጣው አልገባኝም። ብዙ አሰብኩበት። ምናልባት የሮጠችው ለዚህ ይሆናል፤ በኋላ ቁጭ ብላ የምትጠብቀው ቃል እንዲተርፍ።

ቃሎቼ አንድ በአንድ ተመለሱ። ስድቡ መጀመሪያ መጣ፤ ባለቤቴ ምስክር ናት። ያቺ አንዷ ግን የለችም። በየጠዋቱ ሊፍት ውስጥ ልነግራት አፌን እከፍታለሁ፤ «ደህና እደሪ» ይወጣል። በጠዋት! እሷም «እሺ አባባ» ብላኝ ትወርዳለች። ዛሬም ይኸው... ይኸው ከንፈሬ ላይ ናት... የለችም። እሺ፤ አትዘኑብኝ። ደወሉን የምትረከቡ ልጆች፣ ስትደውሉ ሊፍቱ ባዶ ይሆናል፤ ቃሌ ነው። ብርጭቆ ያለው ያንሳ፤ እኔ ባዶ እጄን ነኝ። አንተ የላቦራቶሪው፣ እስኪ አቀብለኝ። ጁስ ነው? አመሰግናለሁ።

ምን ሆናችሁ? ምን አልኩ?

አልኩ እንዴ? ለእሱ? ያን ሁሉ ጊዜ የለመንኳት ቃል ለዚህ ባለ ክራቫት ወጣች?

ሲስተር፣ ንቅንቅ እንዳትዪ! ሳታመልጠኝ። አመሰግን... ተዉኝ፣ ራሴ... አመሰግንሻለሁ። አመሰግንሻለሁ፣ ልጄ።

በሉ፣ ሁለቱንም እጅ ወደ ላይ፣ ሁላችሁም! እኔም ይኸው፤ ቀኟም ወጥታለች። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ሳትሮጪ የምትደርሺበት ቀን ይብዛልሽ፤ ባልሽም ውሃውን በሰላም ይጠጣ። ለሲስተር ጥድፊያ!

ምን ታይኛለሽ? ልጠጣው፣ ወይስ መጀመሪያ ትፈትኚኛለሽ?