የሰፈሩ ፐዝል

ሀና ማርያም ስንኖር አክስቴ ከጣሊያን የላከችልኝ ፐዝል ነበረኝ፤ ቁርጥራጩ ሲገጣጠም መርከቦች የቆሙበት የወደብ ሥዕል ይወጣል። እኔ ገጥሜ ስጨርስ አፍርሼ ለጎረቤት አውሳለሁ፤ ጎረቤትም ገጥሞ፣ አፍርሶ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ማታ ማታ አንድ ቁራጭ ቦታዋን ስታገኝ ቤተሰቡ በሙሉ ሲጮህ ከአጥር ወዲህ ይሰማኛል። ደስታዬ እሱ ነበር። ተራው የጋሽ ታደሰ ሲሆን ግን ፐዝሌ ሄዶ ቀረ። ልጠይቅ ቤታቸው ብገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? በማስቲሽ ተለጥፎ፣ በመስታወት ፍሬም ገብቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል!

«ጋሽ ታደሰ፣ ምን አደረጉት?» አልኩ።

«አሳመርኩልሽ! ከእንግዲህ ማንም አያፈርሰውም።»

«እንዲፈርስ እኮ ነው የተሠራው! እትዬ አልማዝ ተራቸውን እየጠበቁ ነው!»

«ታዲያ ይምጡና ይዩታ» አሉኝ፤ ወንበር እየሳቡልኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ብቀመጥ ከአፌ የሚወጣውን እኔም አላውቀውም። ደህና ዋሉ እንኳን ሳልል ወጣሁ። እትዬ አልማዝ በራቸው ላይ ቆመው «እህስ፣ መጣልኝ?» ሲሉኝ ንዴቴ ገነፈለ።

«ምን ይመጣል! ጋሽ ታደሰ ሰቀሉት!»

«ማንን?» ብለው አማተቡ።