ሆዱ የወጣ ማርሚታ

ዓርብ ጠዋት ወደ አርብ ገበያ ለመሄድ መኪና ስላጣሁ ከመንደራችን ልጅ ከይበልጣል ጀርባ፣ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ተቀመጥሁ። ብዙ ዓመት በሩቅ አገር ተምሬ ከተመለስሁ ወዲህ በአገሬ ጉዳይ አስተያየት አልሰጥም፤ የተመላሽ ምክር የሚሰማው የለምና። የሞተሩ ጩኸት ግን ጥርሴን ያንቀጠቅጠው ነበር።

መንገዱ ከሚጠብበት፣ ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ አንዲት አሮጊት በሬያቸውን መንገዱ ላይ አግድም አቁመው ጠበቁን። ቤታቸው ከዚያው ከመታጠፊያው ዳር ነው፤ እማማ ላቀች ይባላሉ።

“እማማ፣ በሬውን ያንሱልኝ፤ ገበያው ሊያመልጠኝ ነው!” አለ ይበልጣል፣ ሞተሩን ሳያጠፋ።

“ምን አልህ? አልሰማሁህም።”

“በሬውን!”

“እሱንም አልሰማሁም። አጥፋውና አናግረኝ።”

እያጉረመረመ አጠፋው።

“ይኸ ነገር ድሮ እንዲህ አይጮህም ነበር። ምን አደረግኸው?”

“ማርሚታውን፣ የጭስ መውጫውን ማለቴ ነው፣ ሆዱን አስወጣሁት። ድምፁ እንዲያምር።”

“ሆዱ የወጣ በግ እንኳ ዝም ይላል። ያንተው ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?”

ሳቄ አመለጠኝ። ይበልጣል ግን አልሳቀም።

“ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ እማማ። በገበያ ቀን ሰዉም አህያውም መንገዱን ይሞላዋል። እኔን ሲሰሙ ዳር ይይዛሉ። ዝም ብዬ ብመጣ ሰው እገጫለሁ።”

“ቀስ ብለህ ና፤ ጥሩምባህንም ንፋ። ባለአህያው ጆሮ አለው።”

“መንገዱ እኮ የሁሉም ነው!”

“አየሩስ የማን ነው?” አሉ በበትራቸው ሸለቆውን እያሳዩ። “የማዶ ሰዎች ቃሬዛ ሲፈልጉ የሚጣሩት ወደ እኔ ነው። እኔ ጥሪውን ተቀብዬ ለላይኛው መንደር አሻግራለሁ። እናቴም ይህንኑ ስታደርግ ነው የኖረችው። ባለፈው ሰሞን የማዶው ገበሬ ጌጡ ወድቆ ወገቡን ሲጎዳ፣ እነሱ ሲጣሩ አንተ እዚህ መታጠፊያ ላይ ታጓራለህ። አልሰማሁም። ሰውየው ፀሐይ ላይ ዋለ!”

“ስልክ የለም እንዴ?”

“ከሸለቆው ውስጥ ስልክ ሲሠራ አይተህ ታውቃለህ? እስቲ አንተ የተማርኸው፣ ንገረው!”

ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። እንደ ልማዴ “ሁለታችሁም እውነት አላችሁ” ብዬ ልሸሽ ቃጣኝ። ግን እኩል እውነት አልነበራቸውም።

“እኔ የኖርሁበት ከተማ ይህን በሕግ ይከለክላል” አልሁት። “እኛ ግን ጎረቤት ለማክበር የግድ ቅጣት መጠበቅ አለብን?”

“የፈረንጅ ወሬ! ለማንም ብዬ አልቀይረውም” አለና ሊያስነሳ እግሩን ሰነዘረ።

እማማ ላቀች ንቅንቅ አላሉም። “እንግዲያስ በእኔና በበሬዬ ላይ እለፋ! ግን ሚስትህ የት ናት?”

የይበልጣል እግር ባለበት ቀረ። ጽዮን እንደ አገሩ ወግ የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት ልትወልድ ወደ ማዶ ተሻግራ ነበር። ወሯ ገብቷል።

“ምጥ ሲይዛት ወሬው በማን በኩል የሚደርስህ ይመስልሃል? አገሩ ሁሉ አንተን ይሰማል፤ አንተ ማንን ትሰማለህ?”

ይበልጣል ወደ ማዶ ዞረ። ሞተሩ በጠፋበት ከማዶ አንድ ድምፅ ሸለቆውን አቋርጦ መጣ። የአማቱ የወይዘሮ ታንጉት ድምፅ ነበር።

“ላቀቼ…! እንዴት አደርሽ…!”

እማማ ላቀች መዳፋቸውን በአፋቸው ዙሪያ አደረጉ። “ደህና…! ጽዮንስ…?”

“ደህና አድራለች…! ገንፎ በላች…!”

ይበልጣል ፊቱ ተለወጠ። “ይህ… ሁልጊዜ አለ?” አለ ቀስ ብሎ።

“ከሄደች ጀምሮ በየማለዳው። አንተም በየማለዳው በላዩ ላይ ታልፍበታለህ።”

ይበልጣል ከሞተሩ ወረደ። በሬው ሲነሳለት ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ከእማማ ላቀች ግቢ እስኪርቅ ድረስ በእጁ እየገፋ ሄደ። እኔም ከኋላው ገፋሁ።

የማርሚታውን ሆድ በዚያው ሰሞን አስመለሰው። ዛሬ ከአፋፉ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ማልዶ ከወጣም ከመንደሩ እስኪያልፍ እየገፋ ይሄዳል። የታመመ ሰው እንቅልፍ ያገኛል፤ ላም ሳትደነብር ትታለባለች፤ ከጀርባው የሚቀመጠውም ሳይጮህ ያወራዋል። አህዮቹም ጥሩምባውን ሲሰሙ ዳር ይይዛሉ። ምክር የሚሰማ የለም ያልሁት እኔም ቃሌን መልሻለሁ፤ ሰው የማይሰማው ጩኸቱ ሲበልጥበት ነው።

ማርሚታው በተመለሰ ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ጽዮንን ምጥ ያዛት የሚል ጥሪ ከማዶ መጣ። እማማ ላቀች እጃቸውን ወደ አፋቸው ሳያደርሱ፣ ከመታጠፊያው የይበልጣል ድምፅ ቀደማቸው።

“ሰምቻለሁ…! መጣሁ…!”