አራት ኪሎ፣ በሩ ፊት

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት ያወሩ ነበር።

«አዲስ አበባ ሄደው ምን አዩ፣ አባባ?»

«አራት ኪሎን። የቤተ መንግሥቱን በር።»

«ግቢው ያምራል ይላሉ።»

«እሱን ልብ አላልኩትም። ልጄ ወደ ጦርነቱ ከመሄዱ በፊት እዚያ በር ላይ ዘብ ነበር። የቆመበትን ቦታ ልይ ብዬ ነው።»

«ልጅዎስ ተመለሰ?»

«መርዶው ነው የመጣው።»

«አላህ ይዘንለት።»

«አሚን። በሩ ፊት ስቆም ዘቡ ‹እዚህ መቆም ክልክል ነው› አለኝ። የመጣሁበትን ነገርኩት።»

«ምን አለዎት?»

«‹እኔ አላየሁዎትም› ብሎ ፊቱን አዞረልኝ። ብዙ ቆምኩ።»

«ሐዘኑ ወጣልዎት ታዲያ?»

«ይወጣል ብለሽ ነው?»

ስሪንቃ ላይ መውረድ ሲገባኝ፣ ወራጅ ሳልል ወልድያ ደረስኩ።